የአባቴ የአንገት ልብስና ስውር ኪሱ

ባለፈው ጥቅምት አንድ የድሮ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ልደርስ ነፋስ ስልክ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ብርድ ሲነካት ከፌስታል ውስጥ ወፍራም ሻል አውጥታ ተከናነበች። የናፍታሊን ሽታ ፊቴ ላይ መጣ፤ ሳጥን ውስጥ ከርሞ የወጣ ሱፍ ሽታ። ሰዉ ስለ ሟች ያወራል። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመቴ ላይ ነበርኩ፤ መርፌ የወጋውን ጣቴን እናቴ ሳታየኝ እየመጠጥኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአስፋልቱ ወደ ጎፋ በሚያወርደው መንገድ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል አለን፤ በመካከላቸው በር የለም፣ አበባ ያለው መጋረጃ ነው የሚለያቸው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ሞቶ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ዱቄት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ወደ ቤት ስትመጣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ነው። ታላቅ እህቴ ጽጌ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። አብዮቱ ከፈነዳ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ካለ እንዳናይ እናቶቻችን በሌላ በኩል አዙረው ይወስዱን ነበር። እኛም የምንዞረው ጭቃ ስላለ ይመስለን ነበር።

አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ጽጌ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባችና መጋረጃው ጀርባ ሄዳ ተኛች። ከዚያን ቀን በኋላ ከቤት አልወጣችም። እናቴ ለግቢው ሰው ታይፎይድ ነው አለች፤ ለእኔም እንደዚያው ነገረችኝ። አመንኳት። ብቻ አንድ ነገር ግራ ይገባኝ ነበር። የታመመ ሰው እህል አይቀርበውም ይባላል፤ ጽጌ ግን የእኔን ድርሻ ጭምር ትበላለች። በሽታው ሆዷን የከፈተው መስሎኝ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ እሁድ እናቴ ከሳጥኑ ውስጥ የአባቴን የአንገት ልብስ አወጣች። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጫጭን ግራጫ መስመር አለው፤ ሰፊ ስለሆነ ትከሻ ያለብሳል። ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ከአሮጌ ሽርጧ የተቀደደ ጨርቅ አኖረች። መዳፍሽን የሚያክል ኪስ ትሰፊበታለሽ አለችኝ፤ ከውጭ የማይታይ፣ ከውስጥም ፈልገው ካልሆነ የማይገኝ።

እኔ ደግሞ መስፋት አልችልም። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የጀመርነው ከገና በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቀን የሠራሁት አንድ የተጣመመ መሀረብ ብቻ ነበር። ቤታችን ጨለማ ስለሆነ ለመርፌ ሥራ ደጃፍ መቀመጥ ግድ ነው። ጽጌ መውጣት አትችልም። አንቺ ለምን አትሰፊውም ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ብሰፋ ግቢው ሁሉ ምንድነው እሱ ይለኛል" አለች። "ልጅ ሲሰፋ ማንም አይጠይቅም።"

ኪሱ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን በራሴ ደረስኩበት። የታመመ ሰው፣ ትንሽ ኪስ፣ ምስጢር፤ ክታብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለክታብ ነው አይደል ስላት እናቴ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ አዎ፣ ለክታብ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ። ይሄ ፍርሃቴን አባሰው። ትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጡን መምህር ክታብ ያንጠለጠለ ልጅ ካገኙ ሰልፍ ላይ አውጥተው ኋላ ቀር እምነት ነው እያሉ ያሳፍሩ ነበር። እኔ የሚያስፈራን ነገር እሱ መሰለኝ። መምህሩ ቢሰሙ እናቴን ያስሯታል ብዬ አስብ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ጽጌ በድብቅ ከሚሰበሰቡ ወጣቶች ጋር ነበረች። ያን ቅዳሜ ከመካከላቸው አንዱ ተይዟል። ስሟን ገና አላወጣም፤ እስከ መቼ እንደሚችል ግን ማንም አያውቅም። ቀበሌው ለማገገም ናዝሬት አክስቷ ጋ እንድትሄድ የይለፍ ወረቀት ሰጥቷታል። ከናዝሬት ወዲያ ግን ወደ ድሬዳዋ የምትሄደው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሁለተኛ ወረቀት በዘመድ በኩል ተገኝቷል። ኬላ ላይ ሁለት ስም ይዞ የተገኘ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ኪሱ የሚሰፋው ለሁለተኛው ወረቀት ነበር።

የመጀመሪያውን ኪስ ሰፍቼ ስጨርስ አፉም አብሮ ተሰፍቶ ተገኘ። ሁለተኛው ላይ መርፌው ወደ ፊት እያለፈ፣ ከውጭ በኩል ጥቁር ጥቁር ነጥብ እንደ ጉንዳን ተሰለፈ። ጽጌ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታስተምረኛለች። እኔ ደጃፍ እሰፋለሁ፤ ሲጨንቀኝ ውሃ ልጠጣ እንደሚል ሰው ገብቼ አሳያታለሁ። ሱፉን ጠቅላላ አትውጊው፣ አንዲት ክር ብቻ አንሺና እለፊ ትለኛለች። አንዲት ክር ማንሳት ለእኔ ጣት ከባድ ነበር። ሱፉ ያሳክካል፤ ላቤ ሲነካው የናፍታሊኑ ሽታ ይነሳል። ስተረትረው ደግሞ ቀዳዳው ይቀራል፤ ቀዳዳውን በጥፍሬ እያሸሁ አጠፋዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተረተርኩት።

በዚያው ሳምንት ከእኛ ቀጥሎ ያለው ግቢ ተፈተሸ። ጠዋት ነው፤ ዝናብ ያካፋል። አብዮት ጠባቂዎቹ ፍራሽ ሁሉ ጭቃ ላይ አውጥተው በሳንጃ ቀደዱት። ጥጡ ረጥቦ መሬት ላይ ተጣብቆ ሰንብቷል። እናቴ ጽጌን ቶሎ ሂጂ አላለቻትም፣ እኔንም ቶሎ ጨርሺ አላለችኝም፤ ግን ከሥራ ስትመጣ ፊቷን ሳትታጠብ መጀመሪያ የምታየው የአንገት ልብሱን ሆነ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥቼ አራተኛውን እየሰፋሁ እያለ የግቢው በር ተከፈተና እትዬ አስካለ ገባች። የቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ናት። ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ሁልጊዜ መዝገብ በብብቷ የምትይዝ ሴት። ከስብሰባ የቀረች እናት ስም የምታነሳው እሷ ናት። ግቢያችን እትዬ አስካለን ሲያይ ድምፁ ይቀንሳል። እናቴ ራሷ "ጓድ አስካለ" ነበር የምትላት።

በየቤቱ ያለውን ሰው ልትመዘግብ ነው የመጣችው። እናትሽስ አለችኝ፤ ገና ከሥራ አልመጣችም አልኩ። እህትሽስ ተሻላት አለች፤ ገና ነው አልኩ። አጎንብሳ ገባችና ከመጋረጃው ፊት ለፊት ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃው ጀርባ ጽጌ አለች። እኔ የአንገት ልብሱን ጠቅልዬ ከኋላዬ ልደብቀው ስል እትዬ አስካለ እጇን ዘረጋች።

"እስቲ ሥራሽን አሳዪኝ።"

ሰጠኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጠርዙን ይዛ በሁለት ጣቷ መሀል እያሳለፈች መጣች፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ሳትጥልበት፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች። ኪሱ ጋ ሲደርስ ጣቷ ቆመ። ገለበጠችው። ሁለት ጣቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ይሄ ምንድነው አለችኝ።

ለክታብ ነው ብዬ አለቀስኩ። እህቴ ስለታመመች ነው፣ ለመምህራችን አትንገሪብን፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እናቴ አላወቀችም አልኩ። ውሸትና እውነት ደባልቄ ያገኘሁትን ሁሉ አወራሁ። እትዬ አስካለ መጋረጃውን ታያለች። በጣም ረጅም ጊዜ ያየችው ይመስለኛል። እናቴ በሩ ላይ የደረሰችው ያኔ ነው። ዱቄት የለበሰው ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ እጇ ግን የበሩን መቃን ያዘ።

እትዬ አስካለ መርፌውን አነሳችና የሰፋሁትን መተርተር ጀመረች። ክር በክር፣ ሳትቸኩል ፈታችው። እናቴ ማስረጃ ልትይዝብን መስሏት እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። ኪሱ ሲወልቅ እትዬ አስካለ ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"ይቺን ልጅ ማነው መስፋት ያስተማራት?" አለች።

"ትምህርት ቤት ነው፣ ጓድ" አለች እናቴ።

"ጠርዝ ላይ ኪስ አይሰፋም። ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚዳስሱት ጠርዝ ጠርዙን ነው።"

እትዬ አስካለ እናቴን ሳይሆን እኔን እንደምታስተምር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ክታብም ቢሆን ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ አሮጌ ካናቴራ ካላችሁ አምጪ አለችኝ። የአባቴን ካናቴራ ከሳጥኑ ሥር አወጣሁ፤ ከመታጠብ ብዛት እንደ ጥጥ ለስልሷል። ኪሱ ባለ ሁለት ገበር እንዲሆን አስቆረጠችኝ። ቦታው ማጅራት ላይ፣ ልብሱ ታጥፎ ከፀጉር ሥር የሚውልበት ጋ እንዲሆን አደረገች። ስፌቱን በግራጫው መስመር ላይ ለመውሰድ ከራሷ ሹራብ ጫፍ ግራጫ ክር መዘዘችልኝ።

ግን ራሷ አንድም ጊዜ አልሰፋችም። መርፌውን ልሰጣት ስል እጇን ሰበሰበች።

"አንቺ ስፊ። የእኔ እጅ አይግባበት።"

ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ ድረስ አጠገቤ ተቀምጣ አሰፋችኝ። ስሳሳት በእርሳሷ ጫፍ ትጠቁመኛለች። አንዲት ክር ማንሳት የቻልኩት ያን ቀን ነው። ስጨርስ የአንገት ልብሱን ጨምድዳ ጆሮዋ ጋ አስጠጋች፣ አዳመጠች፣ መለሰችልኝ። ከዚያ መዝገቧን ከፍታ ጻፈች። ጽጌ ቤት ውስጥ እንዳለች ጽፌያለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ተመልሼ አልመጣም አለችና ወጣች። ወደ መጋረጃው አልዞረችም።

እናቴና ጽጌ በሹክሹክታ ተጣሉ። ጽጌ ወጥመድ ነው አለች፤ አውቶቡስ ተራው ላይ ጠብቀው ሊይዙኝ ነው፣ የሚረዳኝን ሰው አብረው ለመያዝ ነው። እናቴ ሊይዝሽ የፈለገ ሰው ስፌት አያስተምርም አለች። ጽጌ አላመነችም። እኔም አላመንኩም። ግን የቀረው አራት ቀን ነው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ተወሰነ። እናቴ እንደ ወትሮዋ ሥራ ትገባለች። እኔ እስከ አቃቂ ከጽጌ ጋር እሄዳለሁ፤ ልጅ ይዛ የምትሄድ ሴት ቤተሰብ ትመስላለች። አቃቂ የእናቴ የሥራ ባልደረባ ተቀብላ ትመልሰኛለች።

ጽጌ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ ስትከት አየኋት። ክታብ አልነበረም። ማህተም አለው። ጠየቅኋት። ይሄም ያው ክታብ ነው አለችኝ። ያኔ ሁሉም ባይገባኝም፣ እንዳልታመመች ገባኝ።

ቃሊቲ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም ወረድን። መሬቱ ረጥቧል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፉ። ሴቶቹን የምትፈትሸው ወጣት ናት፤ የወታደር ጃኬት ደርባለች፤ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል። የጽጌን የይለፍ ወረቀት አነበበች፤ ከዚያ የአንገት ልብሱን ከላይዋ ገፈፈችው። ጠርዙን ያዘች። በሁለት ጣቷ መሀል እያሳለፈች፣ ልክ እንደ እትዬ አስካለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። በአራቱም ጠርዝ። ከዚያ ጨመደደችው። ምንም ድምፅ አልወጣም።

መልሳ ትሰጣታለች ስል የራሷ አንገት ላይ ጣለችው። ሞቃት ነው አለች። በሁለት እጇ ቦርሳውን መበርበር ጀመረች። ፈትሻ ጨረሰች፤ ቦርሳውን ዘጋች፤ ሂዱ አለችን። የአንገት ልብሱ አንገቷ ላይ ነው። ጽጌ አልተንቀሳቀሰችም። ስጪኝ ካለች ለምን ፈለገችው ይባላል፤ ካላለች መንገዱ እዚያ አለቀ። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ይገፉናል።

"እህቴ ታይፎይድ ስላለባት ነው የምትለብሰው" አልኩ።

ፈታሿ አየችኝ። ከዚያ ጽጌን አየች፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ያላየ ፊቷን። የአንገት ልብሱን በጣቷ ጫፍ ብቻ አንስታ ወረወረችልን፤ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠራረገች። ከእኛ በኋላ ያሉትን ሳትነካ በዓይኗ ብቻ ፈትሻ አሳለፈቻቸው።

አቃቂ ስወርድ ጽጌ አልሳመችኝም፤ ሰው ያያል። የሹራቤን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። አውቶቡሱ ሲሄድ ማጅራቷን ብቻ ነው ያየሁት።

የተያዘው ልጅ ስሟን ያወጣው ከአስር ቀን በኋላ ነው። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሲበረብሩ መዝገቧን ይዛ ከፊት የቆመችው እትዬ አስካለ ነበረች። ልጅሽ የት አለች ብላ እናቴ ላይ ጮኸችባት። እናቴ ቀበሌው በሰጣት ይለፍ ሄዳለች አለች። ወሰዷት። ለስድስት ቀን ጎረቤት አደርኩ። ቦኖ ላይ እትዬ አስካለን ሳገኛት እኔ እንደሌለሁ ታልፋለች። እሷ ናት የነገረችው አልኩ፤ እንደዚያ ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እናቴ ስትመለስ ጫማ ማድረግ አትችልም ነበር። አስካለን መጥላቴን ስነግራት፣ ያቺ ሴት ወደታሰርኩበት ብዙ ጊዜ መጥታ "የልጇን ነገር የማታውቅ መሃይም ናት" እያለች ስትሰድበኝ ስትሰድበኝ አስለቀቀችኝ አለችኝ። እናቴ የነገረችኝ ይሄን ብቻ ነው፤ ሌላውን አልነገረችኝም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከድሬዳዋ የሚመጣ ነጋዴ እናቴ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዕቃው ድንበር ተሻግሯል ብሎ ሄደ። እናቴ ያን ቀን ፊቷን ሳትታጠብ ዱቄቱ ላይ አልቅሳ ስለመጣች ጉንጯ ላይ ሊጥ ደርቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሚውልበት በአንዱ ከሰዓት፣ እትዬ አስካለ መጣች። መዝገብ አልያዘችም። በነጠላዋ ሥር ቡናማ የወንድ የአንገት ልብስ ነበር። አስራ ሰባት ዓመት የሞላው መስፍን የሚባል ልጅ አላት። በኋላ እሱም ድንበሩን በሰላም መሻገሩን ሰምተናል። ያን ቀን ግን ማንም ምንም አያውቅም።

ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። እናቴ አጠገቧ ቆመች። ዝናቡ ስለሚጮህ ንግግራችን ከደጅ አይሰማም። እትዬ አስካለ ጭኔ ላይ የአንገት ልብሱን አስቀመጠችው፤ እኔም ማጅራቱ የሚሆንበትን ቦታ በእጄ ፈልጌ አገኘሁ።

"አስካለ" አለች እናቴ፤ ጓድ አላለቻትም። "መቼ ነው?"

"ማክሰኞ።"

መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባሁ። "ስንት ወረቀት ነው?" አልኳት።

"አንድ" አለችኝ።

እናቴ ሄዳ በሩን ዘጋች።